ከትምህርት ቤቱ ደወል እስከ ጤና ጣቢያው ደጅ

በአዲስ አበባ ከተማ የዳግማዊ ምኒልክን ስም ተሸክመው እስከ ዛሬ የሚኖሩት ትምህርት ቤትና ሆስፒታል በ1900ዎቹ ዓ.ም. የመጀመሪያ ዓመታት ተከታትለው የተቋቋሙ ናቸውና ወንድማማቾች ቢባሉ ከእውነት የራቀ አይሆንም፤ አንደኛው ለልቡና፣ ሁለተኛው ለሥጋ የቆመ ሲሆን የሚያገለግሉት ግን ያንኑ አንድ ሰው ነው። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ባለፈው ረጅም ዘመን ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት በየፊናቸው አደጉ፤ የየራሳቸውን ሚኒስቴር፣ የየራሳቸውን መዝገብ፣ የየራሳቸውንም ልማድ ያዙ። ጧት በደወል ድምፅ ወደ ክፍል የሚገባው ልጅ በመምህሩ ዘንድ ተማሪ ተባለ፤ በማግሥቱ ትኩሳት ይዞት እናቱ ወደ ጤና ጣቢያ ስትወስደው በነርሷ ዘንድ ታካሚ ተባለ፤ መምህሩ ስለ ሕመሙ፣ ነርሷም ስለ ትምህርቱ የሚያውቁት ስላልነበረ፣ ልጁን በሙሉ የሚያየው ሰው ታጣ። እነዚህን ሁለት ቤቶች መልሶ ለማገናኘት፣ ይልቁንም በጉርምስና ዕድሜ ያሉትን ተማሪዎች በኅብረት ለመጠበቅ በአገራችን የተጀመረውን ሥራ በዚህ ጽሑፍ ለአንባቢ ላስተዋውቅ እወዳለሁ።

የዓለም የጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ያለውን ዕድሜ የጉርምስና ዘመን ይለዋል። አባቶቻችን ግን ይህን ዘመን በዓመት ቁጥር ሳይሆን በምልክቱ ነበር የሚያውቁት፤ የልጁ ድምፅ ሲጎረንን፣ የልጅቱ ጡት ሲያጎጠጉጥ፣ ከእናቱ የሚደብቀው ምሥጢር ያልነበረው ሁሉ ዝም ማለትና ብቻውን መቀመጥ ሲጀምር፣ ሕፃንነት አልፎ ወሬዛነት እንደ ደረሰ ያስተውሉ ነበር። በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው ሲያዩት ከሁሉ ይልቅ ጤናማ ይመስላል፤ ሕፃናትን የሚፈጀውን ተቅማጥና ኩፍኝ ተሻግሯል፣ የሽምግልናው ደዌም ገና ሩቅ ነው። የሕክምናው ሥርዓት የዘነጋውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጤና ጣቢያው ጨቅላውን በክትባት ካርዱ፣ ነፍሰ ጡሯን በክትትል ቀጠሮዋ፣ አረጋዊውን በደም ግፊት መድኃኒቱ ያውቃቸዋል፤ የአሥራ አምስት ዓመቱን ጎረምሳ ግን የሚጠራበት ቀጠሮ የለውም። ይሁን እንጂ ይኸው ድርጅት እንደሚያስረዳው፣ ከአእምሮ ሕመሞች እኩሌታው የሚጀምሩት ልጁ እስከ 18 ዓመት ዕድሜ ባለው ጊዜ ሲሆን፣ በዓለም ላይ በጉርምስና ዕድሜ ካሉት ከሰባቱ አንዱ እንዲህ ካለ ሕመም ጋር ይኖራል፤ የሚበዛውም ሳይታወቅና ሳይታከም ይቀራል። እንግዲህ ጎረምሳው ወደ ሐኪሙ የማይሄድ ከሆነ፣ ሐኪሙ ጎረምሳው በየቀኑ ወደሚገኝበት ስፍራ መሄድ ይኖርበታል።

ይህን አሳብ ቀድመው በሥራ ከገለጹት መካከል ሊና ሮጀርስ የምትባለው ነርስ ትገኛለች። እ.ኤ.አ. በ1902 በኒውዮርክ ከተማ ሐኪሞች በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ ትራኮማ፣ ቆረቆር፣ እከክና ቅማል ያለባቸውን ልጆች እየለዩ ወደ ቤታቸው ያሰናብቱ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ልጁ ታከመ አልታከመም ብሎ የሚጠይቅ ስላልነበረ፣ የተሰናበተው ልጅ ከዚያው ከክፍሉ ልጆች ጋር በመንገድ ላይ ሲጫወት ያመሽ ነበር፤ ደዌውም አልቆመም፣ ትምህርቱም ቀረበት። የሄንሪ ስትሪትን የድሆች መርጃ ቤት የመሠረተችው ሊሊያን ዋልድ ይህን አይታ፣ ከነርሶቿ አንዷን ሊና ሮጀርስን ለአንድ ወር ለሙከራ ወደ አራት ትምህርት ቤቶች ላከቻት፤ በእነዚህም 10,000 የሚያህሉ ልጆች ይማሩ ነበር። እርሷም በትምህርት ቤት ቁስሉን እያጠበች፣ ከዚያም እስከ ልጁ ቤት ድረስ እየወጣችና እየወረደች እናቲቱን እያስተማረች ሥራዋን ፈጸመች፤ ሙከራው ስለ ሠመረም ከተማይቱ ሌሎች ነርሶችን ጨመረች። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1902 በሕመም ምክንያት ከትምህርት የታገዱት ልጆች 10,567 ነበሩ፤ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወር ግን 1,101 ብቻ ሆኑ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ፣ በዚያ ዓመት አዲስ መድኃኒት ሳይገኝ ይህ ሁሉ መሆኑ ነው፤ ሳሙናውም ቅባቱም ቀድሞ ነበረ፤ የታጣው በትምህርት ቤትና በመኖሪያ ቤት መካከል የሚመላለስ ሰው ነበር።

በእኛ አገር የዚህ ሰው ፈለግ ረጅም ነው። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጽዳት ባለሙያውን በአንድ ጓድ እያሠለጠነ ሲያሠማራ፣ በሽተኛው እስኪመጣ ተቀምጦ መጠበቅ እንደማይበቃ በአገሩ ውስጥ አስተማረ። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ሲጀመር፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች ለአንድ ዓመት እየሠለጠኑ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው በጤና ኬላ ተመደቡ። በከተሞች ደግሞ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ በነርስነት የተመረቁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ተሠማሩ፤ የእነዚህም የሥራ ስፍራ በመመሪያቸው ሦስት ሆኖ ተወስኗል፦ መኖሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤትና የወጣቶች ማዕከል። በ2005 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስቴር የትምህርት ቤት ጤናና ሥርዓተ ምግብን የሚመለከት ብሔራዊ ስልት ሲያወጣ፣ የሁለቱ ቤቶች ግንኙነት በጽሑፍ ጸና።

በጽሑፍ የጸናው በተግባር እንዴት ይኖራል ቢሉ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ዣንጥላዋንና መዝገቧን ይዛ በተቀጠረችበት ቀን ወደ ትምህርት ቤቱ ትመጣለች፤ መጀመሪያ ርእሰ መምህሩን፣ ቀጥሎም የጤና ክበቡን ወይም የሥርዓተ ፆታ ክበቡን የሚያስተባብረውን መምህር ታነጋግራለች። የመጸዳጃ ቤቱን ንጽሕና፣ የመጠጥ ውኃውን፣ የሴቶችና የወንዶች መጸዳጃ የተለያየ መሆኑን ትመለከታለች። ተማሪዎቹ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ጊዜ በሚኒ ሚዲያቸው ጤናን የሚመለከት ጽሑፍ የሚያነቡበት ልማድም ስላለ፣ ባለሙያዋ የጽሑፉን ቃል አስቀድማ ታቃናላቸዋለች። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ግን፣ መምህሩ ስለ አንድ ተማሪ የተጨነቀበትን ነገር ለይቶ የሚነግራት ሰው ማግኘቱ ነው፤ እርሷም መርዳት በምትችለው ትረዳለች፣ ከአቅሟ በላይ የሆነውን የሪፈር ወረቀት ጽፋ ወደ ጤና ጣቢያው ትመራለች።

ለልጃገረዶች ይህ ግንኙነት ብዙ ፍሬ አፍርቷል። የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ክትባት በአገራችን በ2011 ዓ.ም. 14 ዓመት ለሞላቸው ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምር፣ ሥራው የታሰበው በትምህርት ቤት በኩል ነበር፤ ክትባቱ ፍጹም ጥቅም የሚሰጠው ሕመሙን የሚያመጣው ቫይረስ ወደ ሰውነት ከመግባቱ በፊት ሲወሰድ ነውና፣ በዚያ ዕድሜ ያሉትን ልጃገረዶች በስም ቆጥሮ የሚያውቅ ከትምህርት ቤቱ መዝገብ የተሻለ ማን አለ? ከትምህርት ገበታ የራቁትን ደግሞ ጤና ኬላው እንዲፈልጋቸው ተደረገ። በ2017 ዓ.ም. ሥርዓቱ ተለውጦ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰድ ክትባት ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት ሁሉ ተዳረሰ።

የወር አበባም ነገር ከዚሁ ጋር ይነሣል። ልብሷ እንዳይበላሽ ፈርታ በየወሩ ጥቂት ቀናት ከትምህርት የምትቀር ልጅ በመዝገቡ ላይ የሚጻፍባት «ቀሪ» የሚለው ቃል ብቻ ነው፤ ምክንያቷን መዝገቡ አይጽፍም፣ እርሷም በኃፍረት አትናገርም። በመቀሌ ከተማ በማርያም ሳባ ፋብሪካ እየታጠበ ብዙ ጊዜ የሚያገለግል የንጽሕና መጠበቂያ በማምረቷና ስለ ወር አበባ በግልጥ እንዲነገር በመድከሟ፣ ፍሬወይኒ መብራህቱ እ.ኤ.አ. በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብላ ስትመረጥ፣ ለዘመናት በሹክሹክታ ይነገር የነበረው ነገር በአደባባይ ተነገረ። ዛሬ በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ልጃገረዶች የሚታጠቡበትና ጥቂት የሚያርፉበት ክፍል ተዘጋጅቷል፤ ክፍሉ ጠባብ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ውኃና መቀርቀሪያ ካለው ብዙ ልጆችን ከቀሪነት ያድናል።

የሥጋው ነገር እንዲህ ሲሆን፣ የልቡናው ነገር ግን ይከብዳል። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከቤታቸው ተለይተው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲፈተኑ፣ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመት 3.2 ሆኑ። ስለ ትምህርቱ ጥራት ብዙ ተጻፈ፣ ብዙም ተባለ፤ መነገሩም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከመቶው ወደ 97 የሚሆኑት በዚያው ሰሞን ወደየቤታቸው ገብተው፣ በእናትና በአባት ፊት ቆመው ውጤታቸውን የተናገሩበት ሌሊት እንዴት እንዳለፈ የጠየቀ ሰው ጥቂት ነበር። እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የጠላ፣ በራሱ ተስፋ የቆረጠ ጎረምሳ በዚያ ወራት ወዴት ይሂድ? ትምህርት ቤቱ ዘግቶበታል፤ ጤና ጣቢያውም ትኩሳት ሳይኖረው የመጣበትን ምክንያት ይጠይቀዋል።

እኔ ራሴ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ አብሮኝ በአንድ ወንበር የሚቀመጥ ልጅ ነበረ፤ ቀድሞ ጨዋታ ወዳድ የነበረው፣ አባቱ ከሞተ በኋላ ግን ጥያቄ ሲጠየቅ እንኳ መልስ የማይሰጥ ሆነ። ስም የሚጠራው መምህራችን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ከሰባ በላይ ተማሪ የያዘ ነበርና፣ የልጁን ዝምታ ንቀት አድርጎ ተረጎመው፤ ተንበርክኮም እንዲቆይ አደረገው። ቤተ ሰቡ ዓይነ ጥላ ነው ብለው ወደ ጠበል ወሰዱት። ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰም። በዚያ ጊዜ ጤና ጣቢያው ከትምህርት ቤታችን አጥር ማዶ ነበረ፤ በአጥሩ ላይ ግን በር አልነበረም።

ጠበሉን ስጠቅስ ለመንቀፍ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጠበሉንም የኤች አይ ቪ መድኃኒቱንም ባንድነት መውሰድ እንደሚችሉ ሲያስተምሩ፣ ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ ተጨንቆ የነበረ ብዙ ሕዝብ ዕረፍት አገኘ። ለተጨነቀ ልጅም ካህኑ፣ መምህሩና ነርሷ ሲተዋወቁ እንጂ ሲሻሙበት መልካም አይሆንም።

በመምህሩና በነርሷ ትውውቅ ግን አንድ የሚያስፈራ ነገር አለ፤ እርሱም ምሥጢር ነው። ተማሪው ለባለሙያዋ የነገራት ቃል በማግሥቱ በመምህራን ማረፊያ ቤት ከተሰማ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ትምህርት ቤት አንድም ልጅ አፉን አይከፍትም። ስለዚህ መምህሩ «ይህን ልጅ እዪልኝ» ብሎ ይልካል፣ እርሷም «አይቼዋለሁ፣ ለጥቂት ጊዜ በትዕግሥት ያዘው» ብላ ትመልሳለች፤ በመካከል ያለው ቃል ከእርሷ ዘንድ ይቀራል። ሕይወቱ አደጋ ላይ ከሆነ ብቻ ከልጁ ጋር ተማክራ ለቤተ ሰቡ ትገልጣለች። የንስሐ አባት ምሥጢር ሲጠብቅ እያየ ላደገ ሕዝብ ይህ ሥርዓት እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ ሆኖም በየጤና ጣቢያው ለወጣቶች ምቹ እንዲሆን የተለየው ክፍል ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጎረቤት ሁሉ ተሰልፎ በሚጠብቅበት መተላለፊያ ዳር ነው፤ ወደዚያ በር መግባት ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በአደባባይ እንደ መናዘዝ ይሆንባታል። ሌላው ጉድለት የሰው ቁጥር ነው። አንዲት ባለሙያ በመቶ የሚቈጠሩ ቤተ ሰቦችን እየዞረች ትምህርት ቤቱንም ስትጠብቅ፣ የምትመጣበት ቀን እየራቀ ይሄዳል፤ ለልቡና ሕመም የሚሆን ጊዜ ደግሞ ከክትባት ጊዜ ይረዝማልና ቀድሞ የሚቀነሰው እርሱ ነው።

ባንድ የክትባት ቀን በአንድ ትምህርት ቤት ተገኝቼ ነበር። ልጃገረዶቹ በዋርካው ሥር ተሰልፈው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ አንዷ የሌላዋን እጅ ይዛ እየሣቁም እየፈሩም አለፉ፤ እኩለ ቀን ሳይሆን ሥራው አለቀ። ነርሷ ዕቃዋን ሰብስባ ቀዝቃዛውን የክትባት ሣጥን ከዘጋች በኋላ ግን ወዲያው አልሄደችም፤ ወንበሯን ከሰው ራቅ አድርጋ ተቀመጠች። ለምን እንደምትቆይ ብጠይቃት፣ «ይመለሳሉ» አለችኝ። ጥቂት ቆይታ ከተከተቡት አንዲቱ ክንዷን ይዛ መጣች። «እትዬ፣ የተወጋሁበት ያመኛል» አለች። ነርሷ ክንዱን እንኳ ሳታይ ሁለተኛውን ወንበር ሳበችላትና፣ «ነይ ተቀመጪ፣ ልጄ» አለቻት፤ እኔም ከዚያ ራቅሁ።