ታጣፊ ስልክ ለመሐል ሜዳ ይሆናል?



በዶርም ውስጥ የስልክ ወሬ ከተነሳ አሁን አሁን ታጣፊው ስልክ ሳይጠቀስ አይታለፍም። አንዱ "ምርጥ ነው" ይላል፣ ሌላው "ሁለት ወር አይቆይም" ይላል። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው። ልዩነቱን የሚያመጣው የገዢው ኪስ ብቻ ሳይሆን ስልኩ የሚኖርበት ቦታም ነው። ስለዚህ ነገሩን ቦሌ ካለ የስልክ ሱቅ ሳይሆን መሐል ሜዳ ላይ ሆነን እንየው። ትምህርት ሲዘጋ ወደ መንዝ የምንመለስ ልጆች ጥቂት አይደለንም፤ ስልኩም አብሮን ይመለሳል።

ታላላቆቻችን የሚያውቁት የድሮው ታጣፊ ስልክ፣ ለምሳሌ ሞቶሮላ ሬዘር፣ የሚታጠፈው ቀፎው እንጂ ስክሪኑ አልነበረም። በማጠፊያው ውስጥ የሚያልፈው ቀጭን የሽቦ ሪባን ብቻ ነው። የዛሬው ግን ስክሪኑ ራሱ እንደ ደብተር ይታጠፋል። የተለመደው ወፍራም መስታወት ስለማይታጠፍ ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ዜድ ፍሊፕ ላይ 30 ማይክሮሜትር ገደማ ውፍረት ያለው መስታወት ተጠቀመ። ይህ ከአንድ ፀጉር የሚቀጥን ነው። ከላዩ ደግሞ ፕላስቲክ ተለብጧል። ጣታችን የሚነካው ያንን ፕላስቲክ ነው፤ ጥፍርና የአሸዋ ቅንጣት የሚጭረውም እሱን ነው።

የመጀመሪያዎቹ ስልኮች ስማቸው የጠፋውም ያለ ምክንያት አይደለም። ሳምሰንግ የመጀመሪያውን ጋላክሲ ፎልድ በ1,980 ዶላር እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2019 ሊሸጥ አስቦ አስቀድሞ ለጋዜጠኞች ሰጥቶ ነበር። በጥቂት ቀናት ውስጥ የአንዳንዶቹ ተበላሸ። ሁለት ምክንያቶች ጎልተው ወጡ። አንዳንዶች የላዩን ፕላስቲክ ተራ የስክሪን መከላከያ መስሏቸው ላጡት። በሌሎቹ ላይ ደግሞ በማጠፊያው በኩል ጥቃቅን ነገር ከስክሪኑ ሥር ገባ። ኩባንያው ሽያጩን አቋርጦ፣ ክፍተቶቹን ደፍኖ፣ በሴፕቴምበር እንደገና አወጣው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ ይህን አለመቀበል ፍትሐዊ አይሆንም። በዚያን ጊዜ "200,000 ጊዜ ቢታጠፍ ይችላል" ይባል ነበር። በቀን 100 ጊዜ ለሚከፍት ሰው ከ5 ዓመት በላይ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ሳምሰንግ ለአዲሱ ስክሪኑ የጠቀሰው ቁጥር 500,000 ደርሷል። ነገር ግን ሙከራው የሚደረገው በንጹሕ ክፍል ውስጥ በማሽን ነው። ማሽኑ ስልኩን ከጣርማ በር ተነስቶ ወደ መሐል ሜዳ በሚወጣ መኪና ውስጥ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ በአቧራ መሐል አይከፍተውም።

አቧራን በተመለከተ ሻጭ ብዙ ጊዜ የማይናገረው ቁጥር አለ። በስልኩ መግለጫ ላይ "አይ ፒ" ከሚለው ቀጥሎ ሁለት አሃዞች ይጻፋሉ። የመጀመሪያው ጠጣር ነገርን፣ ሁለተኛው ውኃን የመከላከል አቅሙን ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዜድ ፎልድ 3 በመጀመሪያው ቦታ ቁጥር ሳይሆን "ኤክስ" ነበረው፤ ውኃ ይችላል፣ ለአቧራ ግን የተሰጠ ማረጋገጫ የለም ማለት ነው። የ2024ቱ ፎልድ 6 48 የሚል ተጽፎበታል። እዚህ ላይ ያለው 4 ከ1 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ነገር አይገባም ማለት ብቻ ነው። የመንገዳችን አቧራ ደግሞ ከዱቄት የላመ ነው። አቧራን ፈጽሞ የሚከለክለው 6 ቁጥር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የጎግል ፒክስል 10 ፕሮ ፎልድ 68 ይዞ መጥቷል። ስለዚህ "ውኃ አይገባውም" ሲሏችሁ የመጀመሪያውን አሃዝ ጠይቁ።

ብርዱም አለ። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ብዙ አምራቾች ስልካቸው ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት እንዲሠራ ይመክራሉ። ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል። ሌሊት መስኮት ሥር ያደረ ታጣፊ ስልክ ለፈጅር ስንነሳ በአንድ ጊዜ ከሚበረገድ ትንሽ ብርድ ልብስ ውስጥ ቢቆይ ይሻለዋል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ጥገናው። ተራ ስልክ ስክሪኑ ሲሰበር በየከተማው ያለ ጠጋኝ ይቀይረዋል፤ ዕቃው በብዛት ስላለ ነው። የታጣፊው የውስጥ ስክሪን ግን ብዙ ጊዜ ከፍሬሙና ከማጠፊያው ጋር ተያይዞ ነው የሚመጣው። ገበያ ውስጥ ጥቂት ስልክ ካለ መለዋወጫም ጥቂት ነው፤ ጠጋኙም እጁ አልለመደውም። ለመጀመሪያው ፎልድ ሳምሰንግ አሜሪካ ውስጥ አንድ ጊዜ በ149 ዶላር ይቀይር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የውስጡ ስክሪን 599 ዶላር ነበር። የስልኩ ሲሦ ገደማ መሆኑ ነው።

ይህን በብር አስቡት። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ 599 ዶላር 34 ሺህ ብር አካባቢ ይሆናል። ዶላር 100 ብር ሲያልፍ ያው ስክሪን ወደ 60 ሺህ ብር ወጣ። ስክሪኑ አልተለወጠም። ስልኩን የገዛው ቤተሰብ በግ ሸጦ ከሆነ፣ ለጥገናው ስንት በግ ይሸጥ? በዚያ ላይ ስልኩ ወደ አዲስ አበባ ተልኮ፣ ዕቃው እስኪመጣ ተጠብቆ ነው። እስከዚያ የባንክ አፑም፣ የትምህርት ፋይሉም ተቆልፎበት ይቆያል።

ታዲያ ለምን ይወደዳል? ስለሚያምር ብቻ አይደለም። እንደ ደብተር የሚከፈተው ዓይነት ሰፊ ስክሪን ስላለው የሙስሐፍ ገጽ ሙሉውን፣ ዓይን ሳይደክም ያስነብባል። የትምህርት ፒዲኤፍ በአንድ ወገን፣ ማስታወሻ በሌላው ወገን ከፍቶ መሥራት ይቻላል። ላፕቶፕ ለሌለው ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከላይ ወደ ታች የሚታጠፈው ፍሊፕ ግን ከኪስ አያያዝና ከካሜራ በቀር ለተማሪ የሚጨምረው ብዙ አይታየኝም። ቴክኖም እ.ኤ.አ. በ2023 ሁለቱንም ዓይነት ፋንተም ቪ በሚል ስም፣ ከሳምሰንግ ባነሰ ዋጋ አውጥቷል። ይሁን እንጂ ለንባብ ብቻ ከሆነ ተራ ስልክና መካከለኛ ታብሌት አንድ ላይ ከአዲስ ፎልድ በብዙ ይረክሳሉ፤ አንዱ ቢሰበር ሌላው ይቀራል።

ያገለገለ ለመግዛት ያሰበ ሰው ስልኩን ሱቁ ውስጥ ያብራው። ነጭ ገጽ ከፍቶ እጥፋቱ ላይ ጥቁር ነጥብ ወይም አረንጓዴ መስመር መኖሩን ይይ። ጣቱን በእጥፋቱ መስመር ላይ ከዳር እስከ ዳር ያስኪድ። ግማሽ ላይ ሲያቆመው ካልቆመ፣ ወይም ሲታጠፍ የመፈጨት ድምፅ ካለው ይተወው። ፕላስቲኩ ከመሐል መነሳት መጀመሩንም ያስተውል። ዋስትና አለው ከተባለ የት አገር እንደሚሠራ ይጠይቅ፤ ዱባይ የተሰጠ ወረቀት እዚህ ላይሠራ ይችላል። ሻጩም ቢሆን የሚያውቀውን ዐይብ መናገር ግዴታው ነው፤ የተደበቀ ጉድለት ሲገኝ ገዢው ዕቃውን የመመለስ መብት እንዳለው በፊቅህ የተማርነው ነው።

አስቀድማችሁ የገዛችሁ ደግሞ የላዩን ፕላስቲክ በጭራሽ አትላጡ፤ ከተነሳም በባለሙያ ይቀየር። መንገድ ላይ ተዘግቶ በከረጢት ይቆይ፤ ፎልድ የያዘ ሰው በውጪው ስክሪን መጠቀም ይችላል። ለእረፍት ከመውጣታችሁ በፊት ፋይሎቻችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ። ቴሌብርንም ያለ አፕ በ*127# መጠቀም ልመዱ፤ ሲም ካርዱ በማንኛውም ተራ ቀፎ ውስጥ ይሠራል።