ጥንድ ስላይዶችን በክፈፍ ስለ ማኖርና ስለ ማሳየት

በሸማኔ ዕቃ ላይ ድሩ ከማጉ በላይ ወይስ በታች እንደሚያልፍ ከነጠላ ፎቶግራፍ ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል፤ ጥልቀትን የሚያሳይ ጥንድ ሥዕል ግን ይገልጠዋል። ይሁን እንጂ የክፈፉ ዓይነት አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1947 በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው ስቴሪዮ ሪያሊስት ካሜራ ለእያንዳንዱ ሥዕል የፊልሙን 5 ቀዳዳ ያህል ይወስዳል፤ ጥንዱም 41 በ101 ሚሊሜትር በሆነ አንድ ክፈፍ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ብቻውን በእጅ መመልከቻ ለሚያጠና ሰው ይህን እመርጣለሁ፤ ጥንዱ አይለያይምና።

ለጉባኤ ግን ሥዕሎቹን ለየብቻ 50 በ50 ሚሊሜትር በሆነ ክፈፍ አኑሮ በሁለት ተራ ፕሮጀክተሮች ማሳየት ይቀላል። በየሌንሱ ፊት የፖላራይዝ ማጣሪያ፣ ለተመልካቹም ተመሳሳይ መነጽር ያስፈልጋል። መጋረጃው የብር ቅብ ሊሆን ይገባዋል፤ ተራው ነጭ መጋረጃ ብርሃኑን ስለሚያዛባው እያንዳንዱ ዓይን ሁለቱንም ሥዕል ያያል።

ከሁሉ የሚከፋው የግራና የቀኝ መለዋወጥ ነው። ያን ጊዜ ጕድጓዱ ጕብታ ይመስላል፤ በላይ ያለፈው ክር በታች ይታያል። እኔም አንድ ቀን እንዲሁ አሳስቼ አሳይቼ፣ ተማሪዎቼ ስሕተቱን በደብተራቸው ጽፈውት አገኘሁ። በሪያሊስት ፊልም ላይ በአንድ ጥንድ መካከል የሌሎች ጥንዶች 2 ሥዕሎች ስለሚገቡ፣ ፊልሙ ከመቆረጡ በፊት የግራው ሁሉ ምልክት ይደረግበት።