አረንጓዴው ምልክት ሲዋሽ



ባለፈው ሴሚስተር ጀመዓችን ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ላዘጋጀው የማትስ ቲቶሪያል የመመዝገቢያ ፎርሙን የሠራሁት እኔ ነበርኩ። ቦታው የተወሰነ ስለነበር ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ተማሪ አይገባም። በመጀመሪያው ቀን አንዲት እህት መጣች፤ ስሟ የለም። «ኧረ ተመዝግቤያለሁ፣ አረንጓዴው ምልክት መጥቶልኛል» አለች። እውነቷን ነበር። የዋሸው የእኔ ገጽ ነው። እሷስ ወንበር ተፈልጎላት ገባች፤ ቀርተው ሳይጠይቁ የተመለሱ ይኖሩ እንደሆነ ግን ማወቅ አልቻልኩም። ለክለባችሁም ሆነ ለዲፓርትመንታችሁ ፎርም የምትሠሩ ካላችሁ ስህተቱ የት እንደነበር ላስረዳ።

ጃቫስክሪፕት የሌለው ፎርም ሲላክ ገጹ በሙሉ እንደገና ይከፈታል። ሰርቨሩ የመለሰው ነገር ራሱ አዲሱ ገጽ ስለሆነ ተማሪው የሚያየው የሰርቨሩን ቃል ነው። በጃቫስክሪፕት ስንልክ ግን «ፕሪቬንት ዲፎልት» ብለን የተለመደውን አላላክ እናስቆምና መረጃውን በ«ፌች» ከበስተጀርባ እንልካለን። ብራውዘሩ መልሱ እስኪመጣ ቆሞ አይጠብቅም፤ ቀጣዩን የኮድ መስመር ማስኬዱን ይቀጥላል። ስለዚህ መልሱ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ አስቀድመን በፈንክሽን እንነግረዋለን። ይህ ፈንክሽን ኮልባክ ይባላል። የተበላሸ ስልካችሁን ጠጋኝ ጋር ትታችሁ «ስትጨርስ በጓደኛዬ ስልክ ደውልልኝ» ብላችሁ ወደ ክላስ እንደመሄድ ማለት ነው።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። ማይክሮሶፍት በ1999 እ.ኤ.አ. ከኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ጋር ያመጣው ነው፤ «ኤጃክስ» የሚለውን ስም ያገኘው ደግሞ በ2005 ነው። ዛሬ ኮልባኩን «ዜን» እና «ካች» ውስጥ እንጽፋለን፤ ወይም «አዌይት» እንጠቀማለን። ወጥመዱ ሁለቱም ጋ አንድ ነው።

ብዙ ጀማሪ «ተመዝግበዋል» የሚለውን ጽሑፍ ከ«ፌች» ቀጥሎ ባለው መስመር ላይ ይጽፈዋል። ያኔ ምስጋናው የሚወጣው መልሱ ሳይመጣ ነው። እኔ ይህን አውቅ ስለነበር «ዜን» ውስጥ አስገባሁትና ጨረስኩ ብዬ ተኛሁ።

ግን ጠጋኙ ደወለ ማለት ስልኩ ተሠራ ማለት አይደለም። «አልሆነልኝም፣ ና ውሰደው» ለማለትም ይደውላል። «ፌች» እንዲሁ ነው፤ ከሰርቨሩ ማንኛውም መልስ ከመጣለት ሥራዬ ተሳክቷል ብሎ «ዜን»ን ይጠራል። ዳታቤዙ ወድቆ ሰርቨሩ 500 ቢመልስም፣ አድራሻው ጠፍቶ 404 ቢመልስም ያው ነው። «ካች» የሚጠራው መልስ ጭራሽ ሳይመጣ ሲቀር ነው፤ ለምሳሌ ኔትወርክ ሲቋረጥ። «አክሲዮስ» የሚባለውን ላይብረሪ የለመደ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ እሱ 500 ሲመጣ በራሱ ወደ «ካች» ይወስዳል።

መፍትሔው አንድ መስመር ነው። «ዜን» ውስጥ ከሁሉ በፊት የመልሱን «ኦኬ» የሚባል ዋጋ ማየት። እውነት የሚሆነው ኮዱ ከ200 እስከ 299 ሲሆን ብቻ ነው። ካልሆነ ኤረር ወርውራችሁ ወደ «ካች» ላኩት።

ይህን አስተካክሎ ማቆም ግን ሌላ ውሸት ይወልዳል። «ካች» ውስጥ «አልተመዘገቡም» ብለን ብንጽፍስ? ማታ ማታ የዶርም ዋይፋይ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። መረጃው ሰርቨር ደርሶ፣ ተመዝግቦ፣ መልሱ ሲመለስ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። ጠጋኙ ስልኩን ሠርቶ ቢደውል የጓደኛችሁ ስልክ ዝግ ሆኖበት እንደማለት ነው። በዚህ ጊዜ ገጹ የማያውቀውን መናገር የለበትም። «መልስ አልደረሰንም፤ እባክዎ እንደገና ይሞክሩ» ይበቃል።

እንደገና ሲሞከር አንድ ሰው ሁለት ቦታ እንዳይይዝ የሚከለክለው ደግሞ ዳታቤዙ እንጂ ጃቫስክሪፕቱ አይደለም። የተማሪ መታወቂያ ቁጥሩን የማይደገም አድርጉት። ሁለተኛው ሙከራ ሲመጣ ሰርቨሩ 409 ይመልስ፤ ገጹም «ቀደም ሲል ተመዝግበዋል» ይበል። በቀይ መጻፍ የለበትም፤ ለተማሪው የምሥራች ነውና።

በተኑን ስትልኩ ቆልፉት። ሰው መልስ ሲዘገይበት ደጋግሞ ይጫናል። መክፈቻውን «ፋይናሊ» ውስጥ ብታደርጉት ቢሳካም ባይሳካም ይሠራል፤ «ዜን» ውስጥ ብቻ ካስቀመጣችሁት ኔትወርክ የተቋረጠበት ተማሪ የተቆለፈ በተን ላይ አፍጥጦ ይቀራል። የሞላውን ጽሑፍም መመዝገቡ ሳይረጋገጥ አታጥፉበት። በትንሽ ስልክ ሙሉ ስምን ከነአያት ሁለት ጊዜ መጻፍ ያሰለቻል።

ለሰው ከመልቀቃችሁ በፊት ክሮም ላይ ኤፍ 12 ተጭናችሁ «ኔትወርክ» ወደሚለው ክፍል ግቡና «ኦፍላይን» መርጣችሁ ላኩ። ቀጥሎ በ3ጂ ሞክሩ። በመጨረሻ ሰርቨሩ ሆን ብሎ 500 እንዲመልስ አድርጋችሁ የትኛው ጽሑፍ እንደሚወጣ እዩ። እኔ ይህን የሞከርኩት እህታችን ከመጣች በኋላ ማታ ነው፤ ገጹ ያንኑ አረንጓዴ ምልክት አወጣልኝ።