ሌሊት የሚሞላ ሮቶ

ኮተቤ ወደሚገኝ አንድ ግቢ የተጠራሁት ለሮቶ አልነበረም። «ግድግዳው እየራሰ ነው፤ ቧንቧ ሳይፈነዳ አይቀርም» ተብዬ ነው። ሰርቪስ ቤቶቹ ውስጥ ሦስት ተከራዮች አሉ። ቆጣሪው አንድ ነው፤ ሒሳቡን በየወሩ ይካፈላሉ። ከሁለት ወር ወዲህ ሒሳቡ ሲያሻቅብ ጥፋቱ የልጇን ጨርቅ በየቀኑ በምታጥብ ወጣት እናት ላይ ወድቋል። ገና ከበሩ ስገባ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «እኔ እኮ በቀን ሁለት ጄሪካን ነው የምጠቀመው፣ ወንድሜ» አለችኝ።

ሮቶው ከሰርቪሱ ጀርባ የብረት ማማ ላይ ተቀምጧል። ባለ 2,000 ሊትር ነው፤ ሲሞላ ውሃው ብቻ 2 ቶን ይመዝናል። የትርፍ ውሃ ማፍሰሻው ቱቦ በአጥሩና በግድግዳው መካከል ወዳለው ጠባብ ክፍተት ወርዷል። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ፣ ያውም ሌሊት ነው። ሰው ተኝቶ ሳለ የሚፈሰውን መሬቱ ይጠጣዋል፤ የቀረውን ግድግዳው።

ያን ቀን ጠዋት ውሃው ገና አልሄደም ነበር። ክዳኑን ከፍቼ፣ ሮቶው ሲሞላ መግቢያውን የምታዘጋውን ተንሳፋፊ ኳስ የያዘውን ክንድ በእጄ አነሳሁት፤ ውሃው ቆመ። ሁልጊዜ በዚህ ነው የምጀምረው። ክንዱ ሲነሳ ውሃው ከቆመ ችግሩ ኳሷ ወይም ክንዱ ነው። ካልቆመ የመግቢያውን አፍ የሚዘጋው ትንሽ ጎማ አልቋል፤ ወይም ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ይዞት የሚመጣው አሸዋ ገብቶበታል። ይህች ኳስ ተሰንጥቃ ውሃ ሞልቷታል፤ መንሳፈፍ ሲገባት ሰጥማለች።

ከማፍሰሻው ሥር ባለ 20 ሊትር ጄሪካን አስቀመጥኩ። በሁለት ደቂቃ ሞላ። በስድስት ሰዓት 180 ጄሪካን ማለት ነው። ይህን ለአከራይዋ ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ወጣቷ ዞረው «ልጄ፣ አስቀይሜሻለሁ» አሉ።

ኳስ ማስቀየር የአከራይ ወጪ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሮቶው የቤቱ አካል ነው። ተከራይ ደግሞ ሲፈስ ካየ መጀመሪያ መግቢያውን ይዝጋ፣ ከዚያ ይደውል። ብዙዎች ግን አይነኩትም። ስንፍና አይመስለኝም፤ «ነካክተህ አበላሸኸው» መባልን ፈርተው ነው። ስለዚህ አከራይ ቁልፍ በሚያስረክብበት ቀን መዝጊያውንም ማሳየት አለበት።

ኳሷን ቀየርኩ። ማፍሰሻውንም ፈትቼ ሁሉም ወደሚተላለፍበት የሲሚንቶ መተላለፊያ አዞርኩት። አከራይዋ «ሰው ላይ ሊፈስ ነው እኮ!» ብለው ተቃወሙ። «ለዚሁ ብዬ ነው፣ እትዬ» አልኳቸው። የሚታይና የሚሰማ ማፍሰሻ ሌሊቱን ሙሉ ሲፈስ አያድርም።

ባለፈው ሳምንት ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣቷ ደወለች። «ቱቦው ሲንጠባጠብ ሰምቼ መግቢያውን ዘግቼዋለሁ። ሲመችህ ብቅ በልልን።» መዝጊያውን ያሳዩዋት አከራይዋ ራሳቸው ናቸው። ስሄድ ጎማው ሥር የአሸዋ ቅንጣት አገኘሁ።