አስታማሚው፣ ሳህኑና ሳሙናው

በመንግሥት ሆስፒታል በር ላይ ስድስት ሰዓት ገደማ የሚሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። ምሳ ዕቃ በፌስታል ያንጠለጠለች እናት፣ ፔርሙዝ በብብቱ የያዘ ወንድም፣ አጥሚት በሃይላንድ ጠርሙስ የሞላች ጎረቤት ከጥበቃው ጋር ይከራከራሉ። ጥበቃው የታዘዘውን ይፈጽማል፤ ሰው ሲበዛ ክፍሉ ይጨናነቃል፣ በሽታም ከአልጋ ወደ አልጋ ይተላለፋል ተብሎ ተነግሮታል። ጠያቂዎቹ ደግሞ ሕመምተኛቸው ካልበላ እንደማይበረታ ያውቃሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። የሚጋጩት ከበሩ ወዲያ ያለው ተቋም ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ስላላሰበባቸው ነው። ኢንፌክሽን መከላከል የአንድ ኮሚቴ ሥራ ነው፤ ምግብ የወጥ ቤቱና የግዢ ክፍሉ ጉዳይ ነው፤ በአልጋው አጠገብ ግን ሁለቱንም በእጁ ይዞ የሚውለው ማንም ያላሠለጠነው አስታማሚ ነው። የታካሚው ሳህን የኢንፌክሽን መከላከል ሥራ አካል ነው፤ እስካሁን የተሰበሰበው ማስረጃ የሚያሳየው ይህንን ነው፣ የሆስፒታሎቻችን አሠራርም እንደዚሁ መስተካከል አለበት።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ሪፖርት እንደሚለው፣ ሆስፒታል ተኝተው ከሚታከሙ 100 ሰዎች መካከል በሀብታም አገሮች 7ቱን፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ደግሞ 15ቱን ሲገቡ ያልነበረባቸው ቢያንስ አንድ ኢንፌክሽን እዚያው ይይዛቸዋል። ከተያዙት መካከል በአማካይ ከአሥር አንዱ በዚያው ይሞታል። ይህን ስንሰማ ቶሎ የሚታየን ያልታጠበ እጅና በአግባቡ ያልጸዳ መሣሪያ ነው። ነገር ግን ጀርሙ አንድ ነገር ነው፣ የሚያርፍበት ሰውነት ሌላ ነገር ነው። ኔቪን ስክሪምሾው፣ ካርል ቴይለርና ጆን ጎርደን እ.ኤ.አ. በ1968 በዓለም ጤና ድርጅት በኩል ባሳተሙት መጽሐፍ ሁለቱ እንዴት እንደሚመጋገቡ አስረድተዋል፤ የምግብ እጥረት ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፣ ኢንፌክሽኑ ደግሞ ፍላጎትን ዘግቶ፣ በትኩሳትና በተቅማጥ ያለውን አሟጥጦ እጥረቱን ያባብሰዋል። በሆስፒታል አልጋ ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። ፕሮቲን ያነሰው ሰው ቁስሉ ቶሎ አይሽርም። የሚያስልበት ጡንቻ ስለሚደክም አክታው ሳንባው ውስጥ ይቀራል። ተኝቶ የሚቆይበት ቀን ሲረዝም የሽንት ቱቦውና ክንዱ ላይ የተተከለው ካኑላ አብረውት ይቆያሉ፤ እነሱም ለጀርም መግቢያ በር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት በከፍተኛ ደረጃ በምግብ እጥረት የተጎዱት ታካሚዎች በሆስፒታል ኢንፌክሽን የመያዛቸው መጠን በደንብ ከተመገቡት ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ አግኝቶታል።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስለን፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በስኮትላንድ ዳንዲ ከተማ የተደረገውን ጥናት ማስታወስ ይበቃል። ሆስፒታል ከገቡ 500 ሰዎች 200ው ገና ሲገቡ በምግብ እጥረት የተጎዱ ነበሩ፤ ከእነዚህ ከ200ው መካከል ስለ አመጋገባቸው በመዝገባቸው ላይ አንዳች ነገር የተጻፈላቸው 96ቱ ብቻ ናቸው። በሀብታም አገር፣ ውሃም ወጥ ቤትም በሞላበት ሆስፒታል፣ ሐኪሙ ከአፍንጫው ሥር ያለውን ክሳት አላየውም።

ታሪኩ ከዚህም ወደ ኋላ ይሄዳል። በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ በስኩታሪ የነበረው የእንግሊዝ ጦር ሆስፒታል ሲነሣ ሁሉም የሚያስታውሰው ፍሎረንስ ናይቲንጌልንና ንጽሕናን ነው። የወጥ ቤቱ ታሪክ ግን ከዚያ አያንስም። ለታካሚዎች የተመደበው ሥጋ በእንጨት ላይ ታስሮ፣ ባለቤቱ እንዲታወቅ ቁልፍም ሆነ አሮጌ መቀስ ምልክት ተንጠልጥሎበት፣ በትልልቅ የመዳብ ድስቶች አብሮ ይቀቀል ነበር። አንዱ ሲበስል ሌላው ጥሬ ይወጣል፤ ለደከመ ሰው ከሁሉ የሚሻለው መረቅ ደግሞ ይደፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1855 መጀመሪያ የንጽሕና ኮሚሽን መጥቶ የቆሻሻ ቦዮቹን አጸዳ፤ በዚያው የጸደይ ወራት አሌክሲስ ሶየር የተባለ በለንደን ስመ ጥር የነበረ ፈረንሳዊ ወጥ ሠሪ ደርሶ ምድጃውን፣ ድስቱንና የምግቡን ዝርዝር ለወጠ። የሶየር የመስክ ምድጃ በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ አገልግሏል። ናይቲንጌል ራሷ ስለ ነርሲንግ በጻፈችው መጽሐፍ ሁለት ምዕራፍ ለምግብ ሰጥታለች፤ በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠሩ ሕመምተኞች ምግብ ሞልቶ ተርፎ፣ በሚችሉበት ሰዓትና መንገድ የሚያበላቸው አጥተው እንደሚራቡ አመልክታለች። ትውልዱ ከእሷ የወረሰው ግን መጥረጊያውንና ንጹሕ አንሶላውን ነው። ሳህኑ ከነርሷ እጅ ወጥቶ ወደ ወጥ ቤት ኃላፊው ሄደ፤ መለያየቱም ከዚያ ወዲህ ሥር ሰደደ።

ለዚህ መለያየት የከፈልነውን ዋጋና የመፍትሔውን አቅጣጫ አብሮ የሚያሳየው ማስረጃ ከእኛው አገር የተገኘ ነው። እስከ ሁለት ሺህዎቹ መግቢያ ድረስ በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት የሚታከሙት ከነእናቶቻቸው በአንድ ማዕከል ተሰብስበው ለሳምንታት በመቆየት ነበር። ሕክምናው በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ነገር ግን የመከላከል አቅማቸው የተሟጠጠ ሕፃናት በአንድ ጣራ ሥር ጎን ለጎን ሲተኙ፣ አንዱ ይዞት የመጣውን ተቅማጥ ወይም ኩፍኝ ሌላው ይወስዳል። የሚጠጡት ልዩ ወተት በውሃ የሚበጠበጥ ነው፤ ውሃው ካልጠራ ወይም ወተቱ ተበጥብጦ ከቆየ መድኃኒቱ ራሱ የጀርም ማራቢያ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ የጥናቶች ግምገማ በሆስፒታል የሚታከሙት ሕፃናት ሞት ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሳይቀንስ፣ ከመቶ ከ20 እስከ 30 ላይ እንደቆመ አረጋግጧል። አምስት አሥርት ዓመት ሙሉ መድኃኒት ሲሻሻል ሞቱ አልቀነሰም።

እ.ኤ.አ. በ2000 በሐዲያ የተሞከረው ሌላ ነገር ነው። ስቲቭ ኮሊንስና ኬት ሳድለር በኋላ በላንሴት መጽሔት እንዳሳተሙት፣ ሕፃናቱ በተመላላሽ እየታዩ፣ ከለውዝ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከስኳርና ከዘይት የተዘጋጀ ምግብ ተሰጥቷቸው በቤታቸው ታከሙ። ዛሬ እያንዳንዱ ጤና ኬላ የሚያውቀው ፕላምፒ ነት ከዚህ ወገን ነው። ይህ ምግብ እርጥበት ስለሌለው ጀርም አይራባበትም፤ መበጥበጥ፣ ማፍላት፣ ጡጦ መቀቀል አይጠይቅም። ከ170 ሕፃናት 144ቱ ዳኑ፣ 7ቱ ሞቱ፤ የቀሩት ወይ ወደ ሌላ ሕክምና ተላለፉ፣ ወይ አቋረጡ። ጥናቱ መዝገብ ወደ ኋላ ተመልሶ የመረመረ እንጂ ሁለት ቡድን ያነጻጸረ አይደለም፤ ስለዚህ ብቻውን ነገሩን አይዘጋውም። ሆኖም በሌሎች አገሮችም ተደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የዓለም ምግብ ፕሮግራም አሠራሩን በጋራ መግለጫ ተቀብለውታል። ብዙ ጊዜ ይህ ታሪክ የሚነገረው የምግቡ ተአምር ተደርጎ ነው። የእኔ ንባብ ለየት ይላል። የተገኘው ምግብ የኢንፌክሽን መንገዶችን አብሮ የሚዘጋ ነበር፤ መጨናነቁን አስቀረ፣ የውሃውን ጥያቄ አስቀረ፣ እናትን የሕክምናው ባለቤት አደረገ። ሁለቱ ሥራዎች አንድ የሆኑበት ቦታ ላይ ለአምስት አሥርት ዓመት የቆመው ቁጥር ተነቃነቀ።

ተቃራኒውም ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1984 በእንግሊዝ ዌክፊልድ በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል፣ ከማቀዝቀዣ ውጭ በቆየ የተጠበሰ ሥጋ ምክንያት ሳልሞኔላ ገብቶ 19 ታካሚዎች ሞተዋል፤ የእንግሊዝ መንግሥት ሆስፒታሎች ወጥ ቤት ከምግብ ንጽሕና ሕግ ነጻ የነበረበት ዘመን ያበቃው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ቴነሲ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ከዱቄት ወተት የመጣ ባክቴሪያ ሕፃን ገድሏል፤ ለዚህም ነው ዱቄቱ ከ70 ዲግሪ ባላነሰ ውሃ እንዲበጠበጥ የሚመከረው። ያለጊዜያቸው ለተወለዱት ከሁሉ የሚሻለው ግን የእናት ጡት ወተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ፣ 926 ሕፃናትን የተከታተለ የእንግሊዝ ጥናት፣ የዱቄት ወተት ብቻ በወሰዱት ላይ አንጀትን የሚገድለው በሽታ የጡት ወተት ብቻ ከጠጡት ከ6 እስከ 10 እጥፍ በዝቶ አግኝቶታል።

እዚህ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ። መመገብ ሁልጊዜ ኢንፌክሽንን አይቀንስም፤ አንዳንዴ ይጨምራል። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በቤልጂየም 4,640 የጽኑ ሕሙማን ክፍል ታካሚዎች ላይ የተደረገ ሙከራ፣ በደም ሥር የሚሰጠውን ምግብ ቶሎ ከጀመሩት 26.2 በመቶው አዲስ ኢንፌክሽን ሲይዛቸው፣ ዘግይተው ከጀመሩት የተያዙት 22.8 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃንንም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማጥገብ ሊገድለው ይችላል። ነገር ግን ይህ ማስረጃ ሁለቱን ሥራዎች ለማለያየት ምክንያት አይሆንም፤ እንዲያውም ለምን በአንድ ዓይን መታየት እንዳለባቸው ያስረዳል። ምን፣ በምን መንገድ፣ መቼ የሚለው ጥያቄ የኢንፌክሽን ጥያቄ ነው። በአፍ መብላት ለሚችለው አብዛኛው ታካሚ ደግሞ መልሱ ከዚህ ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ከስምንት የስዊዘርላንድ ሆስፒታሎች የወጣ ጥናት፣ ለምግብ እጥረት የተጋለጡ ታካሚዎችን ለይቶ ለእያንዳንዱ የሚስማማ ምግብ ማቀድ በ30 ቀን ውስጥ የሚሞቱትን ከ10 በመቶ ወደ 7 በመቶ ገደማ እንዳወረደ አሳይቷል። ዘዴው በዋናነት መመዘን፣ መጠየቅ፣ መከታተል ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበሩ የሚመጣው ነው፤ አስታማሚ በሽታ ያመጣል ይባላል። ሊያመጣ ይችላል። ፖፖ ደፍቶ የተመለሰ እጅ፣ ሳሙና ከሌለበት ክፍል፣ ለታማሚው ሲያጎርስ ምን እንደሚከተል ማንም ይገባዋል። ከጠዋት የተሠራ ፍትፍት እስከ ማታ በአልጋው ሥር ሲቆይም እንዲሁ። ነገር ግን አስታማሚውን ማስወጣት ማለት የሚያጎርሰውን፣ የሚያገላብጠውን፣ የሚያጥበውን ሰው ማስወጣት ነው፤ በእሱ ቦታ የሚተካ ነርስ የለም። ማስተማርና ማስታጠቅ ምን እንደሚያስገኝ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የአምስት አገሮች ሙከራ አሳይቷል። በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ክብደታቸው ከ1 እስከ 1.8 ኪሎ ለሆነ ሕፃናት፣ እናት ከጨቅላ ክፍሉ እንድትገለል ከማድረግ ይልቅ እዚያው አልጋ ተሰጥቷት ልጇን ከተወለደ ጀምሮ በደረቷ እንድታቅፍ ተደረገ። በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት ከ15.7 በመቶ ወደ 12 በመቶ ወረዱ፤ የደም መመረዝ የተጠረጠረባቸውም ቀነሱ፤ ሙከራው ጥቅሙ ጎልቶ በመታየቱ ከጊዜው ቀድሞ ቆመ። ለዓመታት በኢንፌክሽን ስም ከክፍሉ ስትወጣ የኖረችው ሰው ኢንፌክሽንን የምትቀንስ ሆና ተገኘች።

የገንዘብ ጥያቄ ይቀራል፤ እሱንም ማቃለል አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2019 እንዳስታወቁት በዓለም ላይ ከአራት ጤና ተቋማት አንዱ መሠረታዊ የውሃ አገልግሎት የለውም። ውሃ በሌለበት ስለ ሳህን ንጽሕና ማስተማር በሰው ላይ ሸክም መጨመር ነው፤ ስለዚህ ቀዳሚው በጀት የውሃው ነው። ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2014 ካሽ ብሎ የጀመረው የንጹሕና ደህንነቱ የተጠበቀ ጤና ተቋም ንቅናቄ ለዚህ መንገድ ከፍቷል። ከውሃው ቀጥሎ ያለው ግን ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሙቀትና የደም ግፊት ቁጥር በሚጻፍበት ወረቀት ላይ ታካሚው ከቀረበለት ምግብ ስንቱን እንደበላ የሚጻፍበት መስመር መጨመር ይቻላል። ሲገባ መመዘን፣ በሳምንቱ ደግሞ መመዘን ይቻላል። ከቤት የሚመጣው አጥሚትና ሾርባ የሚሞቅበት አንድ ምድጃ፣ ዕቃ የሚታጠብበት አንድ ቧንቧ፣ ከጎኑም ሳሙና ለአስታማሚዎች መመደብ ይቻላል። በጾም ወራት የወተትና የሥጋ ምግብ ለሚመልስ ታካሚ ምስር፣ ሽሮና ለውዝ ቀድሞ ማሰብ፣ ቤተ ክርስቲያንም ለታመመ ሰው ጾሙን እንደምታቃልል ካህኑ እንዲነግሩት ማድረግ ይቻላል።

የሆስፒታል ሥራ አስኪያጆችና ሜዲካል ዳይሬክተሮች ሆይ፣ በሚቀጥለው የኢንፌክሽን መከላከል ኮሚቴ ስብሰባችሁ ላይ የወጥ ቤቱን ኃላፊና የምግብ ባለሙያውን ጥሩ። አስታማሚውንም አንድ ወንበር ስጡት፤ ታካሚው ትናንት ማታ ስንት ማንኪያ እንደዋጠ ከእሱ በቀር የሚነግራችሁ የለም።