የከባድ መኪና ሾፌርና የመንገድ ዳር ማረፊያ

ሆዳን በጅቡቲ ከተማ፣ በባልባላ ውስጥ የሚገኝ የመኖሪያ ሰፈር ነው። ከባልባላ ወደ ኢትዮጵያ የሚወስደውን አውራ ጎዳና የተከተለ መንገደኛ «ፔካ ዱዝ» ከሚባለው ስፍራ ይደርሳል። ስሙ የፈረንሳይኛ ሲሆን ትርጉሙ «አሥራ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር» ማለት ነው። በዚያ የኢትዮጵያ ሰሌዳ የያዙ ባለተሳቢ መኪናዎችና ቦቴዎች ተራ እየጠበቁ ይቆማሉ፤ በመንገዱ ዳርና ዳርም አማርኛ ይሰማል።

እስከ 1998 እ.ኤ.አ. ድረስ አብዛኛው የኢትዮጵያ ዕቃ የሚገባው በአሰብ ወደብ ነበር። በዚያ ዓመት ከኤርትራ ጋር ጦርነት በመነሣቱ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዛሬ ከሀገሪቱ የውጭ ንግድ ከ90 በመቶ የሚበልጠው የሚያልፈው በዚሁ ወደብ ነው። ከዚያ ተነሥቶ በዲኪልና በጋላፊ፣ በሚሌና በአዋሽ አድርጎ አዲስ አበባ ለመድረስ 900 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ያስፈልጋል።

በ2015 እ.ኤ.አ. ዝናብ በመጥፋቱ ብዙ እህል ከውጭ ተገዛ። በ2016 መጀመሪያ ላይ እህልና ማዳበሪያ የጫኑ መርከቦች ተደራርበው በመምጣታቸው ብዙዎቹ ሳይራገፉ ቆዩ። ከምክንያቶቹ አንዱ ጭነቱን የሚያነሣ መኪና ማነሱ ነበር። መኪናስ ገንዘብ ካለ ይገዛል፤ ሾፌር ግን የሚገኘው በዓመታት ልምድ ነው። ብዙዎቹ ነባር ሾፌሮች ሙያውን የጀመሩት በረዳትነት፣ ጎማ እየፈቱና ሸራ እያሰሩ ነው። ረዳቱ በጉዞው ሁሉ የሾፌሩን ኑሮ ይመለከታል። ያየው ኑሮ ካስመረረው መንጃ ፈቃድ ለማውጣት አይደክምም፤ ሌላ ሥራ ይፈልጋል። እንግዲህ የሾፌር እጥረትና የማረፊያ ጉዳይ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

በደጋው አገር ዝናብ በሚዘንብበት በሐምሌ ወር የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ጋቢናው እንደ ምድጃ ስለሚግል ሾፌሩ ከተሳቢው ሥር ምንጣፍ ዘርግቶ ይተኛል። እንቅልፉም እንቅልፍ አይባልም፤ ትርፍ ጎማውንና ነዳጁን ይጠብቃልና። የሚጠጣውንም የሚታጠብበትንም ውሃ በፍራንክ ይገዛል። ወረፋው ሲደርሰው ጭነቱን ይዞ በረሃውን ያቋርጣል፤ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶም ከ2,000 ሜትር በላይ ወዳለው ደጋ ይወጣል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ያን ያህል ክብደት ይዞ በጠመዝማዛ መንገድ ሲነዳ አደጋው ለእርሱ ብቻ አይደለም።

በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት ሾፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ የማረፍ ግዴታ አለበት። ሕጉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጥላና ውሃ በሌለበት ሜዳ «ዕረፍ» ብሎ ማዘዝ ከንቱ ነው። በዚህ ረገድ የጃፓን አሠራር ይበልጥ የሚጠቅመን ይመስላል። በዚያ አገር ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «የመንገድ ጣቢያ» የሚባሉ ማረፊያዎች ተቋቁመው ቁጥራቸው ዛሬ ከ1,000 በላይ ሆኗል። በብዙዎቹ የመኪና ማቆሚያውንና መጸዳጃውን መንገዱን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ሲሠራ፣ የአካባቢው ማዘጋጃ ቤት ደግሞ ገበሬው ምርቱን የሚሸጥበትን ሱቅ ያቆማል።

ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ የኤሌክትሪክ ባቡር ከጭነቱ ከፊሉን ይወስዳል። ይሁን እንጂ ከባቡር ጣቢያው እስከ መጋዘኑ ድረስ ዕቃውን የሚያደርሰው መኪና ነው። ሚሌና ገዋኔ ለመንገደኛ ምግብና ማደሪያ ሲያቀርቡ የኖሩ ከተሞች ናቸው። እዚያ አጥር፣ መብራትና ዘበኛ ያለው ማቆሚያ ቢሠራ፣ ገላ መታጠቢያና ጎሚስታ ቢጨመርበት፣ ሾፌሩ ጎማውን መጠበቁን ትቶ ይተኛ ነበር።