በስልክ የሚመጣ የእርሻ ምክር ለገበሬ የሚጠቅምበት መንገድ

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አገር እርስ በርሱ የተያያዘ ሲሆን የምድሩ ጠባይ ግን እጅግ የተለያየ ነው። ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በጉና ተራራ ዙሪያ ገብስና ድንች ይበቅላል፤ ከዚያ ዝቅ ባለው ወይና ደጋ ጤፍ፣ ስንዴና ባቄላ ይዘራል፤ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርዱም ለማሽላና ለበቆሎ የሚስማማ ቆላ ይገኛል። ስለዚህ በዚህ አገር አንድ የእርሻ ምክር ለሁሉ ሊሆን አይችልም። ለደጋው ሰው መልካም የሆነው የመዝሪያ ቀን ለቆላው ሰው ኪሳራ ሊሆን ይችላል። በስልክ ስለሚመጣው ምክር የሚያስብ ሁሉ አስቀድሞ ይህን ነገር ማስተዋል ይገባዋል።

የእርሻ ዕውቀት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ነው። ስለ ገብስ፣ ስለ ጤፍና ስለ ባቄላ፣ መሬቱ መቼ እንደሚታረስና መቼ እንደሚታጨድ የአገሩ ሽማግሌ ጠንቅቆ ያውቃል። ሁለተኛው ግን ከውጭ ካልመጣ በቀር ከአባቶች የማይገኝ ነው፤ አዲስ ተክልና አዲስ ተባይ በመጣ ጊዜ የሚያስፈልገው ይህ ነው።

ለምሳሌ ድንች ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1851 ዓ.ም. ገደማ ሺምፐር በሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ እጅ እንደ ሆነ ይነገራል። ስለዚህ ከገብስ ጋር ሲተያይ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው። ከርሱም ጋር ቅጠሉን የሚያጠቁር፣ ሥሩን የሚያበሰብስ ብርቱ በሽታ አለበት። ይህ በሽታ በአየርላንድ አገር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1845 ጀምሮ የሕዝቡን ድንች ባጠፋ ጊዜ፣ በረኀብና ረኀብ ባስከተለው ደዌ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አልቋል። ገበሬው ቅጠሉ ጠቁሮ ባየ ጊዜ ብዙውን ጊዜ «ምች መታው» ይላል፤ ወይም ውርጭ ነው ብሎ ይተወዋል። ነገር ግን ውርጭና በሽታ ልዩ ልዩ ናቸው። ውርጭ የሚወርደው ሰማዩ በጠራበት፣ ነፋስም በሌለበት ሌሊት ሲሆን፣ በሽታው የሚበረታው ግን ደመናና ዝናም ሲደጋገም ነው። ዳግመኛም በጧት ቅጠሉን ገልብጠው ቢያዩት፣ በሽታ ከሆነ በጠቆረው ቦታ ዳር ነጭ ሻጋታ ይታያል፤ ውርጭ ከሆነ ግን ይህ ምልክት የለም።

የስልክ ጥቅም በዚህ ቦታ ይገለጣል። ቀድሞ ዐዋጅ በገበያ ቀን ነጋሪት ተመትቶ ይነገር ነበር፤ ኋላም ሬዲዮ መጣ። ሬዲዮ ግን ይናገራል እንጂ አይጠየቅም። በየቀበሌው የተመደበውም የልማት ሠራተኛ፣ ገደሉንና ወንዙን እያቋረጠ የገበሬውን ሁሉ ማሳ በአንድ ሳምንት ሊያዳርስ አይችልም። በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት ከግብርና ሚኒስቴርና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሆኖ 8028 የሚባለውን የገበሬዎች የስልክ መስመር ከፈተ። ገበሬው ያለ ክፍያ ደውሎ ቁጥር እየነካ ስለ አዘራር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ተባይ በገዛ ቋንቋው እንዲሰማ የተዘጋጀ ነው። ማንበብ የማይችል ሰውም በጆሮው ሊማርበት መቻሉ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ ወዲህ የተስፋፉት ማኅበራዊ መገናኛዎች፣ ማለት ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና እነዚህን የመሰሉት፣ ሌላ ነገር ጨመሩ። ገበሬው ወይም ልጁ የታመመውን ቅጠል ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ሩቅ ላለ ባለሙያ ልኮ በዚያው ቀን መልስ ሊያገኝ ይችላል። የጊዜው ማጠር ምን ያህል እንደሚጠቅም የመጤው ተምች ነገር ያስረዳል። ይህ ተባይ ከአሜሪካ ምድር የመጣ ነው፤ በኢትዮጵያም መጀመሪያ የታየው በ2009 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ አገር ነው፤ ከዚያም በጥቂት ወራት ውስጥ ብዙ በቆሎ አብቃይ አገር አዳረሰ። ቢራቢሮው በአንድ ሌሊት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሊበር ስለሚችል ወሬው ከተባዩ ሊቀድም ይገባል። ትሉ ገና ትንሽ ሳለ በእጅ ተለቅሞ ወይም በመድኃኒት ሊጠፋ ይቻላል፤ አድጎ በተጠቀለለው ቅጠል ውስጥ ከገባ በኋላ ግን መድኃኒቱ አይደርስበትም። በግንባሩ ላይ የተገለበጠ ባላ የሚመስል ነጭ መስመር፣ በጅራቱም አጠገብ በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ጥቁር ነጥቦች ስላሉት፣ ጥርት ያለ ፎቶግራፍ ያየ ባለሙያ ከሌላው ተምች ይለየዋል።

ጥቅሙ እንዲህ ከሆነ ጉዳቱም መታወቅ አለበት። በማኅበራዊ መገናኛ ዐዋቂውም ያላዋቂውም በእኩል ድምፅ ይናገራሉ። መድኃኒት ሊሸጥ የሚፈልግ ነጋዴ እንደ መካሪ ሆኖ ይቀርባል። ከብዙ ዓመት በፊት የተጻፈ ነገር ዛሬ እንደ ተጻፈ ሆኖ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። በመስኖ ለሚለማ ሞቃት አገር የተሰጠ ምክር በዝናም ለሚያርሰው ለጋይንት ደገኛ ይደርሰዋል። የትል ማጥፊያ መድኃኒት የድንቹን በሽታ አያስቆምም፤ የሻጋታ መድኃኒትም ትልን አይገድልም። ገበሬው ይህን ሳይለይ ቢረጭ ገንዘቡ ይጠፋል፤ በሽታውም በመካከሉ ማሳውን ይጨርሳል።

ስለዚህ መምህራንና ማንበብ የሚችሉ ሽማግሌዎች በስልክ የመጣውን ምክር እንደ ደብዳቤ አድርገው ሊመረምሩት ይገባል። ስምና ቀን ማኅተምም የሌለው ደብዳቤ በመሥሪያ ቤት እንደማይታመን፣ የእርሻ ምክርም አራት ነገር ካልተገኘበት ሊታመን አይገባውም። አንደኛ፣ የተናገረው ማን ነው? የምርምር ማዕከል ወይም የግብርና መሥሪያ ቤት ነው? ወይስ ስሙ የማይታወቅ ሰው? ሁለተኛ፣ የተነገረው ለየትኛው አገር ነው? ለደጋ ነው፣ ለወይና ደጋ ነው፣ ወይስ ለቆላ? ሦስተኛ፣ የተነገረው መቼ ነው? አራተኛ፣ ተናጋሪው ከምክሩ የሚያገኘው ትርፍ አለን? እነዚህ አራቱ ከተመለሱ በኋላም ምክሩን ለቀበሌው የልማት ሠራተኛ ማሳየት ያስፈልጋል። እርሱም ከተስማማበት፣ አዲስ ዘር ወይም አዲስ የአዘራር ሥርዓት ከሆነ ገበሬው በማሳው ጥግ በሁለት በሦስት ትልም ይፈትነው። ፈተናው ባይሠምር የሚጎዳው ጥቂት ነው፤ ቢሠምር ግን ጎረቤት ሁሉ በዐይኑ አይቶ ያምናል።

ሁለተኛው ሥራ ምክሩን ስልክ ለሌለው ሰው ማድረስ ነው። ዲጂታል ግሪን የሚባለው፣ በሕንድ አገር ተጀምሮ ወደ ኢትዮጵያም የመጣው ድርጅት ያሳየው መንገድ ለዚህ ይጠቅማል። በዚህ መንገድ የአገሩ ገበሬ ራሱ በማሳው ላይ ሲሠራ በቪዲዮ ይቀረጻል፤ ከዚያም ገበሬዎች በቡድን ተሰብስበው በትንሽ ማሳያ መሣሪያ ያዩታል። ዝም ብለው አይተው አይበተኑም፤ የልማት ሠራተኛው በመካከሉ እያቆመ ይጠይቃቸዋል፣ እነርሱም ይከራከራሉ። ሰው ከማያውቀው መካሪ ይልቅ ቋንቋውና መሬቱ እንደ እርሱ የሆነውን ገበሬ ያምናል። በመንደርም መምህሩ የተመረመረውን ምክር በዕድር ቀን፣ በደቦ ወይም በወንፈል ዕረፍት ቢያነብ፣ ሽማግሌውም «ይህ ለኛ መሬት ይስማማል፤ ያኛው አይስማማም» ብሎ ቢፈታው፣ አንድ ስልክ ለመንደር ሁሉ ይበቃል። የጓሮ አትክልትና ዘር የሚጠብቁት ሴቶች ስለ ሆኑ፣ ንባቡ እነርሱ በሌሉበት እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ሥራ መጻፍ ነው። በ2015 ዓ.ም. በጸጥታ ችግር ምክንያት በአማራ ክልል የስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት ቆይቶ ነበር። በስልክ ብቻ የተቀመጠ ዕውቀት መስመሩ ሲቋረጥ አብሮ ይቋረጣል። ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ አንድ የእርሻ መዝገብ ቢኖር መልካም ነው። በመዝገቡም የመጣው ምክር፣ የመጣበት ቀን፣ የተፈተነበት ቦታ፣ የተገኘውም ውጤት ይጻፍ። ምክሩ ያልሠመረበትም ምክንያት አይቅር፤ ለሚቀጥለው ዓመት ገበሬ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው እርሱ ሊሆን ይችላልና። ከጥቂት ዓመት በኋላ ያ መዝገብ ለደጋው፣ ለወይና ደጋውና ለቆላው የሚስማማው ምን እንደ ሆነ ለይቶ የሚናገር የአገሩ የራሱ መጽሐፍ ይሆናል።

የገበሬ ሀብቱ በጎታው ያለው ዘር ነው። ያልተመረመረ ምክር ሰምቶ ዘሩን ያጠፋ ሰው የሚበላውንም የሚዘራውንም ባንድ ጊዜ ያጣል፤ መልካም ምክር በጊዜው ያልደረሰው ሰውም እንዲሁ ያጣል። ስልክ የሁለቱንም ወሬ እኩል ያመጣል፤ ለይቶ ለገበሬው ማድረስ ግን የሚያነብና የሚያስተውል ሰው ሥራ ነው።